ቆርጦ መናገር

እንደ ሌላው ቀን ሁሉ፣ ጠዋት እናቷ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ ደግሞ በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው የሳይንስ ወረቀቷን ይዛ ትንጎራደዳለች። ክፍል ውስጥ «ለምን» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ ጥያቄ አያልቅባትም።

«እማዬ፣ የሞተ ኮከብ እንዴት ለወራት ያበራል?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው? ይልቅ ዳቦሽን ጨርሺ!»

እናቷ ክር ልትበጥስ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። መዘውሩ ግን መሽከርከሩን አልተወም። ልጅቷ ሳታስበው መዳፏን አሳረፈችበት። እየዘገየ ሲቆም መዳፏ ሞቀ።

አንዲት ደንበኛ በበሩ ብቅ አለች። «ቀሚሴ ለቅዳሜ ይደርሳል?»

«ይደርስ ይሆናል።»

«ኧረ ቁርጡን ንገሪኝ!»

«ሳልለካ አልቆርጥም» አለች እናቷ። ሴትየዋ ሳቀች።

«ለምን! ረፈደ እኮ!» የሚል ጩኸት ከደጅ መጣ። የልብ ጓደኛዋ ራዲዮ ናት፤ አፏ ስለማይዘጋ የወጣላት ስም ነው። ጠዋት ጠዋት እየተጣራች ትወስዳታለች።

ሁለቱ ለትምህርት ቤት ውድድር ፖስተር ሠርተዋል፤ እንዲህ ይላል፦ ትልቅ ኮከብ ሲፈነዳ፣ መሃሉ ላይ ከአንድ ከተማ የማይበልጥ፣ እንደ እብድ የሚሽከረከር፣ ኃይለኛ መግነጢስ ያለው የኒውትሮን ኮከብ ሊቀር ይችላል። መግነጢሱ እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ ሽክርክሪቱ ሲቀንስ የሚወጣው ጉልበት በዙሪያው የተበተነውን ፍርስራሽ ያግለዋል። አንዳንድ ፍንዳታዎች ከሌሎቹ እጅግ የሚደምቁት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ለምንን ግራ ያጋባት ይኸው ነበር፤ እየዘገየ እንዴት ያበራል?

ክፍል ገብተው ፖስተሩን ሲዘረጉት፣ «ሳይሆን አይቀርም» የሚለው በነጭ ቀለም ተሸፍኖ «ነው» ተጽፎበታል።

«ምን አደረግሽው?»

«አሳመርኩት! ‹ሳይሆን አይቀርም› ለሚል ሰው ማን ዋንጫ ይሰጣል ባክሽ?»

«ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው እኮ ቆርጠው አልተናገሩም።»

«ጀመራት ደግሞ! ዛሬ ትንፍሽ ብትዪ ተለያየን።»

የፊዚክስ መምህርቷ ፖስተሩ ፊት ቆመች። «እርግጠኛ ናችሁ?»

«መቶ በመቶ፣ ቲቸር!» አለች ራዲዮ።

«ለምን» መዳፏን አየች። ጠዋት መዘውሩን ስታቆም የሞቀው ትዝ አላት። ገብቷት ይሆን? ወይስ የገባት መስሏት ነው? ራዲዮ «ተለያየን» ያለችው የምሯን ይሁን በቀልድ፣ እሱንም አላወቀችም። ማርከሯን አነሳችና «ነው» የሚለውን ሰረዘች።

በማግስቱ እናቷ ትሰፋለች፤ መዘውሩ ይሽከረከራል።

«ጓደኛሽ ዛሬ ቀረች እንዴ?»

«ትመጣ ይሆናል» አለች ለምን፣ ቦርሳዋን አንግታ።

ዳቦዋን ጨርሳለች፤ ጫማዋንም አስራለች። የጎደለው ከደጅ የሚጣራ ሰው ብቻ ነበር።