ኬብሉ በእጄ ሳለ የገባው ካርድ

ስለ ጋኔንና ስለ ሟርት ሲወራ ስቄ የምነሳ ሰው ነበርሁ፣ ሥራዬ ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያልሰጡትን አያወጣም፤ እስከዚያች የሐምሌ ከሰዓት ድረስ ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳህ። የምሠራበት የጤና ድርጅት የሕመምተኞቹን ካርድ ፍኖተ ሰላም ባለ ሰርቨር ይይዛል፣ ግልባጩን የሚይዝ ሌላ ሰርቨር ደግሞ ቡሬ አለ፣ አንዱ ጋ የተጻፈው በቁልፍ ተመስጥሮ ይሄድና ሌላው ጋ ይፈታል። ያን ሳምንት የቁልፉ ጊዜ አለፈና ግልባጩ ቆመ፣ እኔም ላስተካክል ቡሬ ሄድሁ። የካርድ ክፍሏ እትዬ የሽመቤት በሩን ከፈቱልኝ። አዲስ ቁልፍ ሠራሁ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም ልወስደው በፍላሽ ቀድቼ ኪሴ ከተትሁት፣ ገና ለማንም አልሰጠሁትም፣ ይህን ልብ በልልኝ። ከዚያ ለጥንቃቄ ብዬ የኔትወርክ ኬብሉን ነቀልሁት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በመሀል ሰርቨሩ ጠጠር እንደሚያኝክ ሰው ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፣ ዲስኩ እየጻፈ ነው፣ ግን ማን እያጻፈው? ኬብሉ ከነበረበት ቀዳዳ አጠገብ ያለችው አረንጓዴ መብራትም ብልጭ ብልጭ አለች፣ እመነኝ፣ ኬብሉ በእጄ ነው።

“ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለሳ?” አሉኝ እትዬ የሽመቤት።

“እትዬ፣ አሁን ካርድ መዝግበዋል?”

“እኔ? ከጧት ጀምሮ ኮምፒውተርዎን ያጥፉ ብለኸኝ የለም እንዴ!”

ስክሪኑን አየሁት፣ አዲስ ካርድ ገብቷል። ጥሩወርቅ የምትባል ሴት፣ ከፈረስ ቤት፣ ምጥ ላይ፣ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ የደም ዓይነቷ ኦ ኔጋቲቭ፣ የምትታከመው ፍኖተ ሰላም። እዚያ ላለችው ባልደረባዬ ለትዕግስት ደወልሁላት። ማዋለጃ ክፍል ድረስ ሄዳ ጠየቀችልኝ።

“እንዲህ የምትባል ወላድ የለችም፣ እኛ ጋ ባለው ሰርቨርም ላይ የለችም” አለችኝ።

“ትዕግስት፣ ሞኝ በይኝ፣ ግን ደሙን አፈላልጊው።”

“ምን ብዬ?”

“ከቡሬ ተደወለ በይ።”

አለች፣ እግዜር ይስጣት። ደሙ ማቀዝቀዣ ውስጥ አልነበረም፣ ያ ደም ያለው አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ተገኘና ሰጠ።

አንድ ሰዓት አልሞላም፣ አምቡላንስ በጭቃው ተንገላትቶ ከፈረስ ቤት ደረሰ፣ በመንገዱ ኔትወርክ ስለሌለ አስቀድሞ የደወለ ሰው አልነበረም። ትዕግስት ወዲያው ደወለችልኝ።

“ጥሩወርቅ ናት” አለችኝ።

እናትም ልጅም ተረፉ። እኔ ግን ደስታው አልመጣ አለኝ፣ ምክንያቱም ካርዱ በየትኛው ቁልፍ ተመስጥሮ እንደገባ ሳይ በአዲሱ ነው፤ ኪሴን ዳበስሁ፣ ፍላሹ አለ፣ ያ ቁልፍ ከዚያች ክፍል አልወጣም፣ ታዲያ ማን ቆለፈበት?

በዚያ ላይ ከጥሩወርቅ ካርድ ሥር ሌላ ካርድ አብሮ ገብቶ አገኘሁ፣ በአሮጌውም በአዲሱም ቁልፍ ሞከርሁት፣ አልፈታ አለኝ። ግልባጩ ተስተካክሎ ሥራ ከጀመረ ወራት አለፉ፣ ያ ካርድ ግን ዛሬም እንደተቆለፈ ነው። ትዕግስት “ሰርዘውና ተገላገል” ትለኛለች፣ ልሰርዘው እቀመጥና እጄ እንቢ ይለኛል፣ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ የምን ዓይነት ደም እንደሚያስፈልገው አላውቅማ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ስልኬን አነሳና፣ “ትዕግስት፣ አምቡላንስ ገባ ወይ?” እላታለሁ።