የመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ መድኃኒት

መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ኮሶዬ ላይ፣ መንገድ ዳር ባለች አልጋ ቤት ውስጥ፣ ሊመሽ ሲል ሞቱ። ከአዲ አርቃይ ወደ ጎንደር ለልብ ሕክምና እየሄዱ ነበር። የሐምሌ ዝናብ ከፊትም ከኋላም ተራራውን ንዶ መንገዱን ስለዘጋው መውጫ አልነበረም።

አስታማሚያቸው ነርስ ወንጌላዊት የልብ መድኃኒታቸውን ባዶ ጠርሙስ እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። ስልሳ ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ጠርሙስ የከፈተችው በዚያው ጠዋት ነው፤ የሰጠቻቸውም አምስት ብቻ።

«ገደልሻቸው!» አለ መኪናውን የነዳው የእህታቸው ልጅ ሰውአገኝ። «ሐኪሙ ሁለት መቶ ሃምሳ ማይክሮግራም አለ፤ አንቺ ሚሊግራም አድርገሽ ሰጠሽ። ሺህ እጥፍ!»

የሟች ልጅ ወለተሩፋኤል አፈጠጠችባት። «ምነው? አባቴ ምን በደሉሽ?»

ወንጌላዊት በልቧ ማስላት ጀመረች። ግራሙ ሺህ ሚሊግራም፣ ሚሊግራሙ ሺህ ማይክሮግራም... በቃሏ የምታውቀው ስሌት ተጠላለፈባት። ተሳስቼ ይሆን? በመስኮቱ ከጉም በቀር የሚታይ የለም። ብትሸሽም ገደል ነው።

ጩኸቱን ሰምታ የገባችው፣ ከደባርቅ ስትመለስ እዚያው መንገድ የተዘጋባት መርማሪ ፖሊስ ኢንስፔክተር ፈትሂያ ነበረች። አስከሬኑን አየች፤ ጠርሙሱን አሸተተች፤ ከዚያ ወንጌላዊትን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ጠርሙሱ የት ነበር?»

«ቦርሳዬ ውስጥ። ደባርቅ ላይ እኔና ወለተሩፋኤል ስንቅ ልንገዛ ስንወርድ ቦርሳዬን መኪናው ውስጥ ትቼው ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«እንጃ፤ እናየዋለን» አለች ፈትሂያ።

ቀጥላ ወለተሩፋኤልን ጠየቀች። «አባትሽ መንገድ ላይ ምን ቀመሱ?»

«እኔ በጥብጬ በፔርሙስ የያዝኩትን ብርዝ ብቻ። ደባርቅ ላይ ስንመለስ ኩባያቸውን ጨርሰው ‹ሎሚ ጨመርሽበት እንዴ?› አሉኝ። እኔ ሎሚ አልነካሁም። ከዚያው ፔርሙስ ጠጥቻለሁ፤ ማር ማር ነው የሚለው። ቆይቶ ማስመለስ ጀመራቸው፤ ሁሉ ነገር ቢጫ ሆነብኝ አሉ።»

«ጎንደር ለሕክምና ብቻ ነበር?»

«ሰውአገኝ የሚኖርበትን የአዘዞውን ቤታቸውን በስሜ ሊያዞሩልኝም ነበር።»

ሰውአገኝ አጭር መልስ ነበረው። «ደባርቅ? ከመኪናው አልወረድኩም። አጎቴን ብቻቸውን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

ፈትሂያ ሦስቱንም አስከሬኑ አጠገብ ሰበሰበች። ከአልጋ ቤቱ ወጥ ቤት የአምስት ሊትር ጀሪካን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«በአንድ ሚሊ ሊትር ሃምሳ ማይክሮግራም አለ፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ሁለት መቶ ሃምሳ ማይክሮግራም ማለት አምስት ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ወንጌላዊት በሚሊግራም ተሳስታ ቢሆን ሺህ ማንኪያ፣ ይህን ጀሪካን ሙሉ ማጠጣት ነበረባት። ከዚች ጠርሙስ አምስት ሊትር ከየት ይመጣል?»

ወንጌላዊት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የጠፋው ሃምሳ አምስት ሚሊ ሊትር ነው» ቀጠለች ፈትሂያ። «መድኃኒቱ ቢመዘን ሦስት ሚሊግራም አይሞላም፤ የደከመ ልብ ለማቆም ግን ይበቃል፤ ማስመለሱም ሁሉ ቢጫ መምሰሉም ከዚሁ ነው። እዚህ ስሌት የተሳሳተ ሰው የለም፤ ጠርሙሱን የገለበጠ ሰው ነው ያለው። አሽትቱት፤ ሎሚ ሎሚ ይላል። ፔርሙሱ ውስጥ ሎሚ የለም፤ ሎሚው የነበረው መሪጌታ ኩባያ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ሳይመለሱ ጨርሰውታል። ያን ጊዜ አብሯቸው የነበረው ማን ነው? ራስህ ነገርከኝ፣ ሰውአገኝ።»

«አሥራ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው!» ብሎ ጮኸ። «የት ልውደቅ?» በሩን በርግዶ ወጣ። ጉሙ ውስጥ ጥቂት ተራመደና ቆመ። ግራ ገደል፣ ቀኝ ናዳ። ፈትሂያ ሳትቸኩል ተከትላ ክንዱን ያዘችው፤ አልታገላትም።

ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ከሟቹ ጋር ቀሩ። ወለተሩፋኤል የለበሰችውን ጋቢ ዘርግታ ግማሹን ወንጌላዊት ትከሻ ላይ ጣለችው። ወንጌላዊት ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።