አልነሣ ያለው የጓድ ዲንቃ ኮምፒውተር

ጓድ ዲንቃ ሞቶ የተገኘው የኮምፒውተሩን የኤሌክትሪክ ሳጥን በሁለት እጁ እንደጨበጠ ነው። ጠረጴዛው ላይ ቴሌቪዥኑና ከእሱ ጋር የተያያዘው ባለ ፊደል ማሽን አሉ፤ ከወንበሩ አጠገብ ደግሞ እግሩን የታጠበበት ሳፋ ተቀምጧል። እግሩ ባዶ ነው፤ የጭቃው ወለል እርጥብ ነው።

መቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ያለው እሱ ብቻ ነበር። ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ሲመለስ ሌሎቹ ካድሬዎች ካፖርት አመጡ፤ እሱ ኮምፒውተር አመጣ። ማሽኑ ጥቂት ጊዜ ሠርቶ አልነሣም አለ። በቀይ ሽብር ዘመን በዲንቃ ጣት የተጠቆመ ሰውም ሲነሣ አልታየም ነበርና፣ ማሽኑ ከጌታው ተምሮ ነው ተባለ። የከተማው ሰው እውነቱን ለመናገር ብዙም አላዘነም።

መርማሪዋ መቶ አለቃ ዘውደነሽ ስትደርስ ወንጀለኛው ቀድሞ ተገኝቶላታል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ባለሱቁን ሙሐዲንን አሳስሯል።

«ሳጥኑን የሸጠለት እሱ ነው፤ ማሽኑ እንቢ ሲልም ሳጥኑን ሱቁ ወስዶ አየሁት ብሎ መለሰለት» አለ ሊቀ መንበሩ። «ዲንቃ ጨው ደብቀሃል ብሎ አሳስሮት ስለነበር ተበቀለው። አሻጥር ነው! ነገ ጧት መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

በዚያ መኪና የሄደ ሰው እንደማይመለስ ሁለቱም ያውቃሉ።

«እንግዲያው እስከ ነገ ጧት ሬሳውም ሳጥኑም የእኔ ናቸው» አለች ዘውደነሽ። ሊቀ መንበር የምትፈራ ሴት አልነበረችም።

መጀመሪያ ያስጠራችው የመብራት ሠራተኛውን አራርሳን ነው። መቱ ቀን ቀን መብራት የላትም፤ በየምሽቱ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣው አራርሳ ነው። የሳጥኑን ክዳን ፈትቶ ወደ ውስጥ አጮለቀ።

«ያ ዋቀ! መቶ አለቃ፣ ይቺ ሽቦ እዚህ ምን ትሠራለች? ከግድግዳው የሚመጣውን ኮረንቲ ከብረቱ ጋር አገናኝተዋታል። በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የያዘ ሰው አለቀለት።»

«ማሽኑስ ለምን አልነሣ አለ?»

«ፊውዙ ተቃጥሏል። ሌላ የማየው ነገር የለም። መብራት ሲመጣ እንሞክረው» ብሎ ሬሳው ወደነበረበት ቦታ ተመለከተ። «ክፉ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።»

ከዲንቃ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚኖሩት ጠላ ሻጯ እትዬ ሽብሬ ናቸው።

«ትናንት ማታ ምን ሰሙ፣ እትዬ ሽብሬ?»

«ምንም ልጄ። መብራት ሲመጣ ‹እንደምን አመሻችሁ› ሲል ሰማሁት። ከዚያ ሬዲዮኔን ከፈትኩ።»

«ማን መለሰለት?»

«ማን ይመልስለታል? ብቻውን የሚኖር ሰው!»

«ሌላ ቀንስ መብራት ሲመጣ ለብቻው እንደዚያ ይላል?»

እትዬ ሽብሬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ኧረ እኔስ ሰምቼው አላውቅም» አሉ።

ዘውደነሽ ወደ እስር ቤቱ አቀናች። ሙሐዲን ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ አይኑ አብጧል።

«ጋሼ ሙሐዲን፣ ትናንት መብራት ሲመጣ የት ነበሩ?»

«መስጊድ። መግሪብ እየሰገድኩ ነበር፤ ግማሹ ገበያ አጠገቤ ነበር። ግን ሊቀ መንበሩ ‹ሳጥኑን አጥምደህ ከሰጠኸው ቆይተሃል፣ መስጊድ ብትሆን ምን ይረባሃል?› አለኝ።»

«ቂም ነበረዎት?»

«ነበረኝ። ለምን እዋሻለሁ? ግን ሞተ፤ አላህ ይማረው።»

ማሽኑን ለመጠገን የሞከረ ሌላም ሰው ነበር፤ የፊዚክስ አስተማሪው ወልደ የሱስ። ከቡሬ ተዛውሮ ከመጣ ብዙ አልቆየም። ዘውደነሽ የተማሪ ፈተና ሲያርም አገኘችው።

«ሰውየው ለምኖኝ ሄጄ አይቼለት ነበር» አለ ቀና ሳይል። «ፊውዙን ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። የተቃጠለው ራሱ ማሽኑ ነው፤ አይድንም አልኩት። ሰውየው ግን ሰው አይሰማም።»

«ትናንትስ ሄደው ነበር?»

«ቤቴ ነበርኩ።»

«ዲንቃ በሰባው ቡሬ ካድሬ ነበር። ያኔ ያውቁት ነበር?»

«ሰውየው ያልነበረበት አለ?» አለና በቀዩ እስክሪፕቶ የአንዱን ልጅ መልስ ሰረዘ። ነፍስ ይማር የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።

ዘውደነሽ ከዚያ ወጥታ ቡሬ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ደወለች።

ሊመሽ ሲል ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበች፤ ሊቀ መንበሩን፣ እትዬ ሽብሬን፣ ወልደ የሱስን፣ እንደታሰረ ሙሐዲንን። መብራቱ ቦግ ሲል ሁሉም እንደ ልማዳቸው «እንደምን አመሻችሁ» ተባባሉ። ጄኔሬተሩን አስነሥቶ አራርሳም ደረሰ። ሽቦዋን አላቀቀ፣ አዲስ ፊውዝ አስገባ፣ ሰካ። ቴሌቪዥኑ ብልጭ አለና ፊደል ደረደረ።

«ተነሣ!» አሉ እትዬ ሽብሬ እያማተቡ።

«ሕመሙ ቀላል ነበር» አለች ዘውደነሽ። «ሐኪሙ ነው እንዳይድን ያደረገው። የተቃጠለው ፊውዝ ሳይቀየር የተተወው በየጊዜው ‹ና እየው› እየተባለ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው እንዲኖር ነው። መምህር፣ ፊውዙ ደህና ነው፣ ማሽኑ ግን አይድንም ብለውኝ ነበር።»

«ተሳስቼ ይሆናላ» አለ ወልደ የሱስ።

«ይሆናል። ወደ ትናንት ልምጣ። መብራት ሲመጣ ዲንቃ እንደምን አመሻችሁ አለ። ብቻውን ሲሆን ብሎ የማያውቅ ሰው ትናንት ካለ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ነበር ማለት ነው። ሳጥኑን ያስያዘውና የሰካው ያ እንግዳ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልመለሰለትም?» አሉ እትዬ ሽብሬ።

«ደመኛው ስለሆነ። ዝምታው ሰውየው ብቻውን ነበር አሰኝቶ ጠቅሞታል፤ ብልሃት ግን አይመስለኝም። ሊገድለው ይችላል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ሊመልስለት ግን አልቻለም።»

«ደመኛማ ይሄው!» አለ ሊቀ መንበሩ ወደ ሙሐዲን እየጠቆመ።

«እሳቸው ያን ሰዓት መስጊድ ነበሩ። አራርሳ ጄኔሬተሩ ዘንድ ነበር፤ እሱ እዚህ ቢሆን ኖሮ መቱ ጨለማ ውላ ጨለማ ታድር ነበር። ይህን ማሽን የነካ ሌላ ሰው አንድ ነው የቀረው። ቡሬም ደውያለሁ። በሰባው ዲንቃ ጠቁሞ ያስረሸነው አበባየሁ የሚባል ተማሪ የመምህር የእናታቸው ልጅ ነው።»

ወልደ የሱስ ለመካድ አልሞከረም። ፊቱ ላይ ኩራት ነበር።

«ወረቀት በትኗል አለ፤ አልበተነም። እናቴን አታልቅሺ አሏት፤ ደጇ ላይ ዘብ አቆሙባት። ደሙን መለስኩ፤ አይቆጨኝም። ደግሜ ብገድለው ደስ ይለኛል!»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለች ዘውደነሽ። «እስከዚህ ይገባኛል። ግን ጋሼ ሙሐዲን ነገ ጧት ባላደረጉት ሊሞቱ ነው፤ እርስዎ ይህን እያወቁ ፈተና ያርማሉ። ዲንቃ በአበባየሁ ላይ ከዚህ የተለየ ምን አደረገ?»

አስተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሐዲንን ቀና ብሎ አየው።

«ልጆቼ አድገው ማንን ይገድሉ ነበር?» አለው ሙሐዲን። «አንተን ነው ወይስ ሊቀ መንበሩን?»

ሊቀ መንበሩ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ካቴናው ከሙሐዲን እጅ ወጥቶ የወልደ የሱስ እጅ ላይ ገባ።

ሊወጡ ሲሉ ዘውደነሽ አስቆመችው። «ለምን እንደሚሞት ነግረውታል?»

«ነገርኩት» አለ። ኩራቱ ከፊቱ ጠፍቷል። «ሳጥኑን ይዞ ቆሞ ነበር። ልሰካ ስል ‹የአበባየሁ ወንድም ነኝ› አልኩት። ደነገጠ ብለሽ ነው? ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። የምር ሊያስታውስ ሞከረ።»

«ከዚያስ?»

«‹የትኛው አበባየሁ?› አለኝ።»

ወልደ የሱስ በታሰሩ እጆቹ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። «ያን ሁሉ ዓመት ጠብቄ፣ ሳያውቅልኝ ሞተ» አለ።