በወረቀቱ ላይ የቀረው እጅ

ጋሽ ዋሻ የሞተው ሥራ ላይ እንዳለ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚስቱ ወደ ሥራ ክፍሉ ስትገባ ጠረጴዛው ሥር ተዘርሮ አገኘችው። ከንፈሩ ቀይ ነበር፤ የደም ሳይሆን የአፈር ቀለም።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። የጥንት ሰዎች በዋሻ ግድግዳ የሣሏቸውን እንስሳት በወረቀት ይሠራ ነበር፤ ቡናማ ወረቀት ጨማዶ፣ በሙጫና በአሸዋ አለት አስመስሎ፣ በከሰልና በቀይ አፈር ጎሾችን ያስሮጥበታል። የእጅ ቅርጽ ሲያወጣም እንደ ጥንቶቹ ነበር። አንድ ሰው እጁን ወረቀቱ ላይ ይዘረጋል፤ እሱ ቀለሙን በሸምበቆ ስቦ እጁ ላይ በአፉ ይነፋዋል። እጁ ሲነሣ ባዶ ቅርጹ ይቀራል።

መርማሪዋ ስትደርስ ጠረጴዛው ላይ እንዲህ ያለ አንድ ሥራ ነበር። በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው፤ አልደረቀም።

«ይኼ ለመድረቅ ስንት ይፈጅበታል?» ስትል ለሟቹ ሥራዎች ክፈፍ የሚሠራውን ሰው ጠየቀችው።

«በዚህ ወፍራም ወረቀት? አራት ሰዓት ያህል። እኔ ግን ጠዋት ተጣልተን እንደወጣሁ ቀረሁ። ‹ዓይንህን አያሳየኝ› ብዬው ነው የሄድኩት።»

ሚስቱ ከጠዋት ጀምሮ እናቷ ዘንድ ነበረች። ከልጅነቷ አብራው የምትሠራው ታናሽ እህቱም «ጠዋት ብቅ ብዬ ወዲያው ነው የወጣሁት» አለች፤ ቀኝ እጇን የሹራቧ እጅጌ ውስጥ እንደከተተች።

መርማሪዋ የተጣለውን ወረቀት ሁሉ አገላበጠች። ከቆሻሻ በርሜሉ ሥር ሁለት ጫፉ የተቋጠረ ነጭ ጨርቅ አወጣች፤ በአንድ በኩል ቀይ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል።

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ቀለሙ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኝቷል» አለች። «ቅርጹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረቀ፣ የተነፋው ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት አንድ ሰው እጁን ዘርግቶለታል። የሟቹ እጅ ሰፊ ነው፤ ይኼ ትንሽ ነው፣ የመጨረሻው ጣትም አይዘረጋም።» ወደ እህቱ ዞረች። «እጅዎን ያሳዩኝ።»

እህቱ እጇን ቀስ ብላ አወጣች። ትንሿ ጣቷ ድሮ በወረቀት መቁረጫ ተጎድታ ቆልመም እንዳለች ቀርታለች።

«እሺ፣ ነበርኩ! ፈርቼ ነው የዋሸሁት። እጄን መዘርጋቴ መግደል ነው እንዴ?»

«አይደለም። የቅርጹ ጠርዝ ግን ድርብ ነው፤ እጅዎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይኼ ጨርቅ ደግሞ አፍና አፍንጫ ላይ የታሰረ ነው፤ ቀለሙ ያረፈው በውጭ በኩል ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለ መሸፈኛ ሲሠሩ ኖረው፣ ትላንት ምን ፈርተው ሸፈኑ?»

እህቱ ወንበሩን ተደግፋ ተቀመጠች።

«ለጋሼ ‹ጉንፋን ይዞኛል› አልኩት» አለች። «ግማሹን ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ። የኤግዚቢሽኑ መጥሪያ ካርድ ላይ የወጣው የእሱ ስም ብቻ ነው። ቀለሙን ጠዋት መርዝ ቀላቅዬ አዘጋጅቼለት ሄድኩ። ስመለስ ‹ነይ፣ እጅሽን አምጪ› አለኝ። አንዲት ቃል ብናገር ይተው ነበር። አልተናገርኩም።»

«ለምን የአንቺን እጅ እንደፈለገ ታውቂያለሽ?» አለች ሚስቱ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ለእጅ እኮ እኔም አለሁ። ሥራው ሁሉ ላይ በፊርማ ፈንታ የአንቺ እጅ እንዲወጣ ወስኖ ነበር። በመክፈቻው ቀን ሰው ሁሉ ፊት ሊናገር ነበር።»

እህቱ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው የእጇ ቅርጽ ዞረች።

«ከሳምንት በፊት ነግሮኛል» ሚስቱ ቀጠለች። «‹ድንገት እናስደስታት› ብሎ አስማለኝ። ባለፈው ማጀት ገብተሽ ስታለቅሺ አይቼሽ ነበር፤ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።»

መርማሪዋ መዝገቧን አጠፈች። ለዚህኛው ዝምታ የምትጽፈው ክስ አልነበራትም።