በሰማያዊ ክር የታሰረው ጆንያ

ፋይሉ የለም።

ቁም ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ቁልፉን የነካው ሰው የለም፤ በሩ ላይ ጭረት እንኳ አይታይም። ፋይሉ ግን የለም።

ዶክተር ሻሂናዝ ባዶውን መደርደሪያ በእጇ ዳበሰችው። ደግማ ዳበሰችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ልክ ስምንት ሰዓት ላይ ባሕር ማዶ ለመመራመር የሚሰጠው ድጎማ ማመልከቻ ይዘጋል።

ሻምበል ረሽዋን ተጠራ።

ረሽዋን ማለት ሃያ ስምንት ዓመት የእስክንድርያን ወንጀል ሲመረምር የኖረ ሰው ነው። የወደቡ ሌቦች ስሙን ሲሰሙ የሰረቁትን ይመልሱ ነበር፤ ፈሪዎቹማ ከኪሳቸው ይጨምሩበት ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሳይንስ ፋኩልቲው የጥበቃ ኃላፊ ሆነ። ጢሙ ለብቻው ወንበር ይፈልጋል። ከቆጵሮስ የሚመጣ መርከበኛ ከከተማው አስቀድሞ የሚያየው ያንን ጢም ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ግን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ኢስማት ደረጃው ላይ አገኙትና፣ ያን የመሰለ ጢም ፊት ለፊት እያዩ «እንዴት አደሩ፣ ማዳም ኢንሷፍ?» ብለውት አለፉ። ማዳም ኢንሷፍ የክፍሉ ጸሐፊ ናት። ረሽዋን ንቀት መሰለው። ዋጥ አደረገው።

«ምንሽ ነው የጠፋው?» አላት ሻሂናዝን።

«ሕይወቴ።»

«እሱን መዝገብ ላይ አልጽፈውም። ዕቃውን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

ነገረችው። ዶክትሬቷን ከያዘች ቅዳሜ አምስት ዓመት ይሞላታል። ድጎማው ደግሞ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ብቻ ነው። ሰባት ጊዜ አመልክታ ሰባት ጊዜ «እናዝናለን» የሚል ደብዳቤ ተቀብላለች። በስምንተኛው አንድ የውጭ ድርጅት የመጀመሪያውን ዙር አሳለፋትና ሙሉ ፋይሉን አምጪ አላት። ጥናቷ የዓባይ ደልታ ቦዮች ውስጥ ቢልሃርዝያ ስለሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ነው። አባቷ የሞተው በዚያው በሽታ ነው፤ ይህን ግን ለረሽዋን አልነገረችውም።

«ታዲያ እንደገና አትሚዋ!»

«ወረቀቱን አትማለሁ። የመንግሥትን ባለ ንስር ማኅተም ማን ያትምልኛል? አሥራ ሰባት ማኅተም ነው፣ ሻምበል። አምስት ወር ፈጅቶብኛል። የጤና ኮሚቴው ብቻ እንኳ የሚሰበሰበው በሦስት ወር አንዴ ነው።»

ረሽዋን መዝገቡን ዘጋ። ነፍሰ ገዳይ ሮጦ ሊቢያ በረሃ ቢገባ ይዞ ይመጣል። ማኅተም ግን ካመለጠ አመለጠ።

ወደ ማዳም ኢንሷፍ ዞረ።

«ማን ቆለፈው?»

«እኔው ነኛ! ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዚህ በእጄ። ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ እዚህ ነው» አለች፣ ደረቷን መታ መታ እያደረገች። «እዚህ እጁን የሚያስገባ ሌባ ገና አልተወለደም።»

«ሁለተኛውስ?»

«ፕሮፌሰሩ ጋ። እሳቸውማ የድጋፍ ደብዳቤዋን ሲያጽፉኝ እንባቸው ኮለል ኮለል ይል ነበር። ይልቅ ዶክተር ወግዲን ያዝ። ከየክፍሉ የሚላከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷ ከቀረች ተራው የማን ነው?»

ዶክተር ወግዲ ቦርሳውን አንግቦ፣ የባቡር አቧራ እንደለበሰ ከች አለ።

«ትናንት የት ዋልክ?»

«ደመንሁር ከተማ፣ ተማሪዎች ሲፈተኑ ስቆጣጠር። ያደርኩትም እዚያው አክስቴ ቤት ነው። ሁለት መቶ ተማሪ ሲኮርጅ አይቶኛል፤ አንዱን ጠይቅ።»

«ፋይሏን ትፈልገው ነበር?»

«እንዴት አልፈልገው፣ ባሻዬ! ግን ባገኘው እጥለዋለሁ እንዴ? ስሟን ፍቄ ስሜን እጽፍበታለሁ እንጂ።»

«አሁን ተራው ያንተ ነው።»

«የምን ተራ? እኔ ያለኝ አራት ማኅተም ነው።» ወግዲ ሊስቅ ሞከረ። «አምስት ዓመቴ ካለፈ ስድስት ወር ሆኖታል። ያመለከትኩት እናቴ እንዳታዝን ብዬ ነው።»

ረሽዋን ደመንሁር ደወለ። እውነት ነበር።

አምስት ሰዓት ሆነ።

ረሽዋን ሲቸግረው የተቆላ የዱባ ፍሬ ይፈለፍላል። ትራሙ ፌርማታ ወርዶ ከባለጋሪው በወረቀት የተጠቀለለ ፍሬ ገዛ። አንዱን ፈለፈለ፣ ሁለተኛውን ፈለፈለ። ወደ አሥራ አንደኛው ሲደርስ ከእጁ ውስጥ አንድ ቀንድ አውጣ ቀና ብሎ አየው።

መጠቅለያው ላይ ያለ ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ሥር ግማሽ ንስር አለ፤ ሰማያዊ፣ ክንፉ ጨው የነካው።

ፍሬው መንገድ ላይ ተበተነ።

«ይህን ወረቀት ማን ሰጠህ?»

«በዩሚ ነዋ፣ የናንተው ጽዳት ሠራተኛ። ዛሬ ማለዳ አንድ ጆንያ ሸጠልኝ። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ዘይት አያሳልፍም። ምነው?»

«የቀረውን አምጣ!»

«የቀረውማ ይኸው፣ ጌታው። ዛሬ ገበያው ደርቶ ነበር።»

አሥራ ሁለት ገጽ ተረፈ፣ ከሁለት መቶ አርባ። የቀረው ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ ፍሬ በሚፈለፍለው ሕዝብ እጅ ውስጥ ነበር። እንደዚህ በግማሽ ቀን መላው ከተማ የጨበጠው ጥናት በዓለም ላይ ተሰምቶ አይታወቅም። አንድም ሰው ግን አላነበበውም።

በዩሚ ሲጠየቅ መጥረጊያውን እቅፍ አደረገ።

«ጌታው፣ እኔ ማንበብ አልችልም። የማውቀው ክሩን ነው። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጆንያ አለ። በቀይ ክር የታሰረው የፈተና ወረቀት ነው፣ የመንግሥት ነው፤ ወረቀት ፋብሪካ ሄዶ ይፈጫል፣ እጄን አላስገባበትም። በሰማያዊ ክር የታሰረው አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ እሱ የኔ ነው። ሃያ ዓመት እንደዚሁ ነው፤ ሁሉም ሰው ያውቃል። ሰማያዊውን ነው የሸጥኩት። በልጆቼ ሞት!»

ረሽዋን ጢሙን ጠመዘዘ። ፋይሉ ለዘላለም እንዲጠፋ የፈለገ ሰው ቀዩ ውስጥ ይከተዋል። ሰማያዊው ውስጥ የገባ ነገር በማግሥቱ አደባባይ እንደሚወጣ የማያውቅ ሰው በዚህ ሕንፃ ውስጥ የለም። እንግዲህ ሌባው ቀዩን ፈልጎ ሳተ። ማንበብ የማይችለው በዩሚ የሚለየውን ክር፣ የትኛው ዐይን ነው መለየት ያቃተው?

«እንዴት አደሩ፣ ማዳም ኢንሷፍ?»

የፕሮፌሰሩ የጠዋት ሰላምታ ትዝ ሲለው ጢሙ እጁ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ፕሮፌሰር ኢስማት ቢሯቸው ውስጥ ነበሩ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ዞሯል። ሻሂናዝ ሻምበሉን ተከትላ በሩ ላይ ቆመች፤ አላዩዋትም።

«ፕሮፌሰር፣ ይህ ወረቀት መንገድ ላይ ተገኘ። የሷ ፋይል መሆኑን ያረጋግጡልኝ።»

ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አገላበጡት። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አዎ፣ የሷው ነው» አሉ። «አጻጻፏን የት ብሄድ አውቀዋለሁ። ያሳዝናል።»

«የዓሣ ቤት የምግብ ዝርዝር ነው፣ ፕሮፌሰር። ሁለተኛው መስመር የተጠበሰ ሽሪምፕ ይላል።»

ረሽዋን ወንበር ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ።» ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ቀስ ብለው አጠፉት፤ እንደ ውድ ነገር። «መሃሉ ጠፋ። ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ነው የሚታየኝ። ቀለም አልለይም፤ ሰው ሳይ ፊቱ የለም።»

«ማታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በራስዎ ቁልፍ ከፈቱ።»

«ከፈትኩ።»

«ምን አደረገችዎት?»

«ምንም! ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ቀረኝ። ትምህርቴን የምታስተምርልኝ እሷ፣ ፈተናውን የምታርምልኝ እሷ፣ ደብዳቤዬን የምታነብልኝ እሷ። ሥራ ስለበዛብኝ ይመስላታል። እሷ ሄደች ማለት በማግሥቱ ጉዴ ወጣ፤ ያለ ሙሉ ጡረታ እንደ ለማኝ በሰው ትከሻ ተመርቼ ልወጣ ነው።»

«ታዲያ ለምን አለቀሱላት?»

«እንባውስ እውነት ነበር።»

ሻሂናዝ በሩን ለቃ ገባች። ድምጿ ቀጭን ነበር።

«ቢነግሩኝ ኖሮ… ባሕር ማዶም ሆኜ በየማታው በስልክ አነብልዎት ነበር።»

ፕሮፌሰሩ ድምጿ ወደመጣበት ዞሩ። ፊቷን ግን ስተው መደርደሪያውን አዩ። ያኔ ስምንት ሰዓት አለፈ። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቃል ተነበበ፤ «ማመልከቻ ተዘግቷል»።

ረሽዋን የክስ ቅጽ አመጣ። ሻሂናዝ ሞላችው። ከታች በኩል ግን፣ ደንቡ ደንብ ነውና፣ አንዲት መስመር አለች፤ «ይህ አቤቱታ በክፍሉ ኃላፊ ተፈርሞ ለዲኑ ይቀርባል»።

«የክፍሉ ኃላፊ እኮ እሳቸው ናቸው!» አለ ረሽዋን።

«እኔ ምን ላድርግ?» አለች ማዳም ኢንሷፍ፣ ማኅተሟን በፎጣ እንደጠቀለለች። «ያለ ፊርማ ማኅተም የለም።»

«አንብቢልኝ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ሻሂናዝ የገዛ ክሳቸውን ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር እንዳነበበችላቸው። አንድም ቃል አልዘለለችም። ሲያልቅ ብዕራቸውን አወጡ፤ ፈረሙ። ፊርማው ያረፈው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ማንም አልሳቀም።

ሻሂናዝ የእጃቸውን አንጓ ይዛ ወደ መስመሩ መለሰችው። ፈረሙ። ማዳም ኢንሷፍ ፎጣውን ፈታች፤ ንስሩ ጧ ብሎ አረፈ። አሥራ ስምንተኛው ማኅተም። መልሱ ቢፈጥን በስድስት ወር ይመጣል፤ እስኪመጣ ድረስ ኃላፊው ኃላፊ፣ ረዳቷም ረዳት ናቸው።

ረሽዋን ኮፍያውን አነሣ። በሕይወቱ ሙሉ ወንጀለኛ ይዞ እንደዚያ ቀን ባዶ እጁን ወጥቶ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ሳለ የፕሮፌሰሩን ድምፅ ከኋላው ሰማ።

«ሻሂናዝ… ልጄ… የቅዳሜውን ትምህርት ማን ይሰጣል?»

በዩሚ አዲስ ጆንያ በሰማያዊ ክር እያሰረ ነበር።

«እኔ ነኛ» አለች። «ሌላ የት እሄዳለሁ?»