ሳይጠየቁ የተስማሙ

ከአንኮበር ወረድ ብሎ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ቆላ በሚያዘቀዝቅበት ጫፍ ላይ ዝግባ ደጅ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ከተማ ትባል እንጂ መቶ አሥራ ሁለት አባወራ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዳሜ ገበያና አንዲት ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነበሯት። ከግርጌዋ ግን፣ በቤቶቹና በገደሉ መካከል፣ ጥቅጥቅ ያለ የጥድና የዝግባ ደን እንደ መቀነት ዞሯት ነበር። ሕዝቡ «ክልክል» ይለዋል። ማን እንደ ከለከለው የሚያስታውስ አልነበረም። አባት ለልጁ «ከክልክሉ እንጨት አይቆረጥም» ይላል፤ ልጅም አባት ሲሆን ያንኑ ይደግማል። ሴቶች በመካከሉ ካለው ምንጭ ውሃ ይቀዳሉ፤ ከዚያ በቀር ማንም አይነካውም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ አንድ ባለ ኩባንያ ከአዲስ አበባ መጣ። የበግ ጠጕር አጥቦና አበጥሮ ለብርድ ልብስ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ሊሠራ እንደሚፈልግ፣ ስድሳ ሰው እንደሚቀጥርም ተናገረ። ቦታውን በጣቱ አሳየ። ከክልክሉ ውስጥ፣ ከምንጩ ራስ ላይ ነበር። ከከተማው በላይ በመኪናው መንገድ ዳር ሰፊ ሜዳ ቢኖርም፣ እዚያ ድረስ ውሃ በቧንቧ መሳብ ሥራውን ያዘገያል አለ።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ወርቅአገኘሁ ወሬውን ሲሰማ ልቡ በደስታ ዘለለ። ደስታውም ለራሱ አልነበረም። የሚስቱ የዘርፈሽዋል ታናሽ ወንድም ይሁኔ ከእነርሱ ጋር ይኖር ነበር። የአባቱ መሬት ለስድስት ወንድማማች ተከፋፍሎ ለእርሱ የደረሰው አንድ ጥማድ በሬ እንኳ የማያዞር ነበር። እንደ ጓደኞቹ ወደ አዋሽ ወርዶ የጥጥ እርሻ ላይ ሊቀጠር ስንቁን ሰንቆ ነበር። ከጓደኞቹ ሁለቱን ወባ በልቷቸዋል።

«ጋሼ፣ እውነት ሰው ሊቀጥሩ ነው?» አለው ይሁኔ በዚያው ቀን።

«ስንቅህን ፍታ» አለው ወርቅአገኘሁ። «ወባ አገር አትሄድም።»

የከተማው ሹም አቶ ገብረ ጻድቅ በማግስቱ አስጠሩት። ችኩል ሰው ነበሩ። «ከበላይ የሕዝቡ ፈቃድ በጽሑፍ ይቅረብ ብለዋል። አባወራውን በየቤቱ ዞረህ አስፈርም። ነገር አታብዛ፤ ዝምታ የፈቃድ ምልክት ነው።»

ወርቅአገኘሁ የጣት ቀለሙንና ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ሥራ የናፈቁት እየሳቁ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ሌሎቹ ግን አላሳረፉም። አቶ ተክለጊዮርጊስ የሚባሉ ገበሬ በራቸው ላይ ቆመው፣ «ሥራውን የሚጠላ የለም። ላዩ ሜዳ ላይ ቢሠራስ?» ብለው ጠየቁት። ወርቅአገኘሁ የሹሙን ትእዛዝ ሲነግራቸው አቀርቅረው ዝም አሉ። እርሱም ከስማቸው አጠገብ «ተስማምተዋል» ብሎ ጻፈ።

በመጨረሻ ከክልክሉ ጥግ ጎጆ ያላቸውን መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተሐናን አገኛቸው። ሊያስፈርማቸው አልነበረም፤ መንገዱ በደጃፋቸው ስለሚያልፍ ብቻ ሰላምታ ሰጣቸው።

«ልጄ፣ ስለ ጥዱ ነው የምትዞረው አሉ።»

«አዎን እማሆይ። ለልጆቻችን እንጀራ ነው።»

«እንጀራውን አልነቅፍም። ነገር ግን ይህ መሬት ውሃ ላይ የተኛ ነው። እኔ አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ክረምት ሲገባ ከሥሬ ሲያልፍ መደቤ ይንቀጠቀጣል። አጥብቆ የያዘው የዛፉ ሥር ነው።» ከዚያ ወደ ምንጩ አገጫቸውን ቀስረው፣ «እኔን አሮጊቷን አትመን፤ ውሃ ቀጂዎቹን ጠይቅ» አሉት።

ወርቅአገኘሁ ፈገግ አለ። «እማሆይ፣ እንድጽፍ የታዘዝሁት አባወራ ነው እንጂ ሴት አይደለም።»

ማዘጋጃ ቤት ሲመለስ ጣታቸውን ያሳረፉትን ቆጠረ። ሃምሳ አራት ነበሩ። ብዕሩን አንሥቶ ጥቂት አመነታ። የይሁኔ ስንቅ ትዝ አለው። በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፉም «የዝግባ ደጅ ሕዝብ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብሎ ደመደመ።

መቁረጡ በኅዳር ተጀመረ። የመጀመሪያው ዝግባ በወደቀ በሦስተኛው ቀን፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ጉሬዛዎች ከደኑ ወጡ። በዛፍ ላይ እንጂ በምድር ሲሄዱ የማይታዩት እነዚያ እንስሳት ግልገሎቻቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ በገበያው መካከል አለፉ። አንድም አልጮኸ። በወትሮው ለወፍ እንኳ የሚጮኹት ውሾች ጭራቸውን ወሽቀው ከግድግዳ ተለጠፉ። ገበያተኛው ሚዛኑን እንደያዘ፣ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጉሬዛዎቹ ሽቅብ ወደ ሜዳው ወጥተው ጉሙ ውስጥ ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላያቸውም።

«ምን ማለት ነው?» አለ ይሁኔ ፊቱ ገርጥቶ።

«ቤታቸው ፈረሰ፤ ሄዱ። ሌላ ምን ማለት ይሆናል?» አለ ወርቅአገኘሁ፤ ድምፁ ግን ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ፋብሪካው በዓመቱ ተሠርቶ አለቀ። እውነት ለመናገር ብዙ በጎ ነገር አመጣ። ጣሪያቸው ያፈስ የነበረ ሰዎች ቆርቆሮ ገዙ፤ ወደ ቆላ የወረዱ ልጆች ተመለሱ። ይሁኔ የመዘፍዘፊያው ገንዳ ኃላፊ ሆነ፤ ለማግባትም ሽማግሌ ላከ። ወርቅአገኘሁም «ያች ቃሌ ሐሰት ብትሆን እንኳ ፍሬዋ መልካም ናት» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

ሁለተኛው ክረምት እስኪገባ ድረስ ነው ይህ።

ቀድሞ ከቆላ የሚወጣው ጉም ጥዱ ላይ ተይዞ ይንጠባጠብና ይቀር ነበር። አሁን የሚይዘው አጥቶ ከቀትር በኋላ በቀጥታ ከተማው ውስጥ ይገባ ጀመር። በር ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ጉሙ እንደ እንግዳ ደፉን ሲሻገር ያየዋል። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጣራል፤ መልሱ የሚመጣው ግን ካላሰቡት ወገን ነው። ከዚያ በሮች አልዘጋ አሉ። አናጢ ተጠርቶ የጠረበው በር በሳምንቱ ደግሞ አልገጥም ይላል። የአጥሩ እንጨቶች ሁሉ አንድ ላይ ወደ ገደሉ አጎነበሱ፤ ለሚያያቸው የሆነ ነገር ቁልቁል የሚመለከቱ ይመስሉ ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ፣ በእኩለ ቀን፣ ወርቅአገኘሁ ቢሮው ተቀምጦ ሳለ ብዕሩ ከጠረጴዛው ላይ ማንም ሳይነካው ተንከባለለ። አንሥቶ መለሰው። ደግሞ ተንከባለለ። በሦስተኛው አላነሣውም። ከወለሉ ሥር የወፍጮ ድንጋይ እየዞረ ያለ የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር።

ቤቱ ሲደርስ ዘርፈሽዋል ባዶ እንስራ ይዛ አገኛት።

«ምንጩ ቆመ» አለችው።

«በሐምሌ ምንጭ ይቆማል እንዴ?»

«እኔም የምልህ ይህንኑ ነው። ትናንት ቀላ፤ ዛሬ ጭራሽ ጠፋ። ከምንጩ በላይ መሬቱ ተሰንጥቋል። ክንዴን እስከ ትከሻዬ ሰደድሁት፤ ጫፉን አላገኘሁትም። ከውስጥ ብርድ ይተነፍሳል።» እንስራውን አስቀመጠች። «ይሁኔን ከዚያ ቦታ አውጣው።»

ወርቅአገኘሁ ወደ ሹሙ ሊሄድ ነጠላውን አነሣ። ደፉ ላይ ግን ቆመ። ሄዶ ምን ይላል? መሬቱ አይታመንም ቢል፣ «ያኔ ማን ተቃወመ?» ይሉታል፤ ወረቀቱ ይወጣል፤ ሐሰቱ ይገለጣል። ነጠላውን መልሶ ሰቀለ። «ዝናቡ ያልፋል፤ ሁሉም ይረጋጋል» አላት። ያን ቀን ዝም ያለው እርሱ ነበር።

የፍልሰታ ጾም በገባ በአሥረኛው ቀን፣ ከተማው ቅዳሴ ላይ ሳለ፣ የፋብሪካው ተረኞች ሥራ ላይ ነበሩ። ጉሙ ቤተ ክርስቲያኑን ከቦት ነበር። በቅዳሴው መካከል ዝናቡ ድንገት ቆመ። የወፍ ድምፅ የለም፤ ጠብታ የለም። ሕዝቡ ሳይነጋገር ጆሮውን አቀና። ከዚያ ከግርጌ በኩል እህል ከስልቻ ሲንቆረቆር የመሰለ ድምፅ መጣ፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ የማያልቅ። ጩኸት አልነበረውም። ያስፈራውም ይኸው ነበር።

ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጉሙ ሲገለጥ፣ ክልክሉ የነበረበት ቁልቁለት የለም። በቦታው እርጥብ ቀይ አፈር ብቻ ቀርቷል። የፋብሪካው ቆርቆሮ ቤት ከነበረበት ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ወርዶ፣ ግድግዳው ሳይፈርስ፣ በሩ እንደተዘጋ ተቀምጧል፤ ከጥንትም እዚያ የተሠራ ይመስል ነበር። ሰዎቹ ወርደው በሩን ሲከፍቱት ግን ውስጡ እስከ ጣሪያው ጭቃ ነበር። ከዘጠኙ ተረኞች አራቱ ብቻ በመስኮት ወጥተው ተርፈዋል። ይሁኔ ከአራቱ አልነበረም። እማሆይ ወለተሐና ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበሩ ተረፉ፤ ጎጆአቸው ግን ወዴት እንደ ሄደች አልታወቀም።

በሠልስቱ ለቀስተኛው ሲመለስ ዘርፈሽዋል ከባሏ ፊት ተቀመጠች። አላለቀሰችም።

«ያን ወረቀት ስትጽፍ እኔ ምን አልሁ ብለህ ጻፍህ?»

«አንቺን... አልጠየቅሁሽም።»

«በየቀኑ እዚያ የምወርደው እኔ ነበርሁ። መሬቱ ከእግሬ ሥር እንደሚለሰልስ፣ ጥድ የሌለበት ቦታ እንደሚያዳልጥ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ውሃ የቀዳች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ደጃችን ላይ አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ኖሮ ወንድሜ በሕይወት ነበር። እኔ ሳልጠየቅ ተስማማሁ!»

ወርቅአገኘሁ ተንበርክኮ እግሯን ያዘ። እርሷም አላባረረችውም፤ አላነሣችውምም።

ጥቅምት ሲጠባ ባለ ኩባንያው ተመልሶ መጣ። ከተናደው ቦታ በስተምሥራቅ ከክልክሉ የተረፈ ጥግ አለ፤ እዚያ ልሥራ አለ። አቶ ገብረ ጻድቅ ጸሐፊውን ጠሩት። «ሰው ሥራ ፈትቷል። እንደ ፊተኛው አድርገህ ጻፍልኝ።»

«የፊተኛው ሐሰት ነው፣ ጌታዬ» አለ ወርቅአገኘሁ።

«ምን አልህ?»

«ከመቶ አሥራ ሁለቱ የፈረሙት ሃምሳ አራት ናቸው። የቀረውን እኔ ፈጠርሁት። አሁን ሕዝቡን በአደባባይ እጠይቃለሁ፤ ያለውን እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ።»

ቅዳሜ ዕለት በገበያው መካከል ቆሞ ያንኑ ቃል ለሕዝቡ ተናገረ። አንዳንዱ ድንጋይ አነሣ፤ ከሟቾቹ የአንዱ እናት ደረቷን መታች። እርሱ አልሸሸም። ጩኸቱ ሲበርድ «ከምታውቁት በላይ በደልኋችሁ። ዛሬ ግን አንድ ሰው ሳይቀር ይናገር። ሴቶችም ይናገሩ፤ የሚቃወምም ተቃውሞው ይጻፋል» አለ። ዘርፈሽዋል ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ቀድማ ወጣች። ስለ ስንጥቁ፣ ስለ ምንጩ ተናገረች። ከርሷ በኋላ ውሃ ቀጂዎቹ ተራ በተራ ወጡ። አቶ ተክለጊዮርጊስ ዘንድሮ አላቀረቀሩም።

«ሥራ እንፈልጋለን!» አሉ። «ልጆቻችን ወባ አገር እንዲያልቁ አንሻም። ግን ላዩ ሜዳ ላይ ይሠራ። ቧንቧውን የምንቀብረው እኛው ነን፤ ጉልበት ከኛ!»

«ቢዘገይስ?» አለ ባለ ኩባንያው።

«ይዘግይ» አለች አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት።

ንግግሩ ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ወርቅአገኘሁ እያንዳንዱን ቃል፣ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም፣ ከነስሙ ጻፈ። ወረቀቱ ወደ በላይ ሄደ። እርሱም ስለ ሐሰቱ ከሥራው ተነሥቶ ስድስት ወር ታሰረ።

ፋብሪካው በሁለት ዓመቱ ሜዳው ላይ ተሠራ። ወርቅአገኘሁ ከእስር ሲወጣ ብዕር የሚያስይዘው አልተገኘም፤ እዚያው ፋብሪካ ጠጕር ለቃሚ ሆኖ ተቀጠረ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሚስቱ ጋር ወደ ቀዩ አፈር ይወርዱና የጥድ ችግኝ ይተክላሉ። ጥድ ለማደግ የሚፈጅበትን ዘመን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ጥላው ለእነርሱ እንደማይደርስ ያውቃሉ። አንድ ቀን ችግኙን እየያዘችለት ሳለ፣ ከዚያ ክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራችው።

ወገኖቼ፣ ሥራም ያስፈልገናል፤ ደንም ያስፈልገናል። ሁለቱን የሚያጣላቸው ጥድፊያችን ነው። ስለ አንድ መሬት ሕዝቡ ምን እንዳለ ልትጽፍ ብዕር ያነሣህ ሁሉ፣ አስቀድመህ ያን መሬት በየቀኑ የሚረግጠውን ሰው ፈልገህ ጠይቅ። ዝም ቢልህ ለምን ዝም እንዳለ ጠይቀው። አንተም የምታውቀውን ሸሽገህ ዝም ካልህ፣ ለዚያ ዝምታ የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑን አትርሳ።