በቀኝ የፊት ጎማ ሥር

ሃምሳ አለቃ ኦኩዳይራ ራሱ በጠገነው ድልድይ አፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ከራስጌው የካምፑ የውሃ ቦቴ ቆሟል። ቦቴው ዳገቱ ላይ ከቆመበት ቁልቁል ተንሸራቶ እንደገጨው ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ለሻምበል ናሩሴ ብቻ አልነበረም።

ናሩሴ የካምፑ ወታደራዊ ፖሊስ ነው። አጭር፣ ላብ የማይለቀው፣ ሰው ሲያዋራ መሬት መሬት የሚያይ። የጃፓን ጦር ወደ ምሥራቅ ቲሞር የመጣው መንገድና ድልድይ ሊጠግን እንጂ ሊተኩስ ስላልሆነ፣ የናሩሴ ሥራ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠፋ ጫማ መፈለግ ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ ከቦቴው ሥር አየ። የቀኝ የፊት ጎማው ከፊትም ከኋላም መኪና እንዳይንሸራተት የሚደረግ ታኮ ተሸጉጦበታል። የእጅ ፍሬኑ ግን አልተያዘም። የሟቹን ጭብጥ ሲፈለቅቅ ደግሞ ሁለት ብሎኖች አገኘ። ብሎኖቹን ኪሱ ከተተ፤ ስለ ታኮው ለማንም ትንፍሽ አላለም።

«ጥፋተኛዋማ ትታወቃለች» አለ የሥራው ኃላፊ የመቶ አለቃ ኩሬባያሺ። «ቦቴውን ያቆመችው አስር አለቃ ቺጉሳ ናት። ታኮ ረስታ ምሳዋን ልትበላ ሄደች። ነገ አውሮፕላን አለ፤ አገር ቤት ትመለስና ፍርድ ቤት ትቁም።»

«እርስዎስ በምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ሬዲዮ ላይ። ብቻዬን።» ፊቱ ቀላ። «እውነቱን ልንገርዎት፣ ሰውየውን አልወደውም ነበር። አዛዡ እኔ፣ ጋዜጠኛ የሚፈልገው እሱን! እርስዎ ቢሆኑ ይወዱታል?»

ቺጉሳን ከድንኳኗ ጀርባ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ አገኛት።

«ታኮ አስገብቻለሁ፣ ጌታዬ! በግራ የኋላ ጎማ፣ እንደ ደንቡ። በጣቴ ጠቁሜ ‹ልክ ነው!› ብዬ ነው የሄድኩት።»

«ማን ሰማሽ?»

«ማንም። ሰው ገዳይ ተብዬ የእናቴን ደጅ እንዴት አድርጌ ነው የምረግጠው?»

«ከኦኩዳይራ ጋር ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ኧረ እሱ ከማን ይጣላል! እቀናበት ነበር እንጂ። የመንደሩ ልጆች ገና መኪናው ሲታያቸው ‹ኦኩ! ኦኩ!› ይላሉ። የእኔን ስም አንዳቸውም አያውቁትም።»

ሻምበል ባሻ ታኔዳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለምሳው የተድቦለቦለ ሩዝ በእጁ ይዟል። ጸጉሩ የሸበተ መካኒክ ነው፤ ኦኩዳይራን ከምልምልነቱ ጀምሮ መኪና ያስተማረው እሱ ነው።

«ልጅቷ ላይ ባይጨክኑባት ጥሩ ነው» አለ። «ወጣት ናት። ታኮው የመኪናው ማንጠልጠያ ላይ እንደተሰቀለ ረስታው ሄደች፤ በቃ።»

«ድልድዩን የሠራው ኦኩዳይራ ነው ይላሉ፣ ባሻ።»

ታኔዳ ሳቀ። «ይበሉ! መሠረቱ ሲወጣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመው ማን ሆነና? እሱ ከልጆች ጋር ኳስ ይራገጣል። መንደርተኛው ስሙን ሰሌዳ ላይ ጽፎ ድልድዩ አፍ ላይ የሰቀለ ቀን፣ እኔን ምን አሉኝ? ‹አባባ፣ ካሜራውን ይያዙልን።›»

«ያዙላቸው?»

«ምን ላድርግ? ያዝኩላቸዋ።»

ሩዙ በጭብጡ ውስጥ ተጨፍልቆ በጣቶቹ መሃል ወጣ።

በማግስቱ ናሩሴ ሦስቱም አንዳንድ መኪና እየነዱ ወደ ድልድዩ እንዲመጡ አዘዘ። የመንደሩ ሽማግሌ ቤንቱም ተጠርተው አንድ ነገር በጆንያ ሸፍነው መጡ። ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ ናሩሴ ላቡን ጠረገ።

«ትናንት ቦቴው ጎማ ሥር ታኮ ነበር» አለ።

«ታኮ እያለው እንዴት ተንሸራተተ?» ሲል ኩሬባያሺ ጮኸ።

«አልተንሸራተተም። አንድ ሰው ቺጉሳ ያስገባችውን ታኮ አውጥቶ ሰቀለ። ሞተር ሳያስነሳ ፍሬን ለቆ ኦኩዳይራ ላይ ነዳው፤ ወንዙ ስለሚጮኽ ልጁ አልሰማም። ነገሩ አደጋ እንዲመስል የእጅ ፍሬኑን ሳይዝ ወረደ። ሁሉን አስቧል። ግን ከእኛ መሃል ከመኪና ወርዶ ታኮ ሳያስገባ የሚሄድ አለ? እጁ ለምዶበታል፤ ሳያውቀው ከማንጠልጠያው አውርዶ መልሶ አስገባ።»

«መንደርተኞቹ ቢሆኑስ?»

«እነሱ ጎማ ሥር ድንጋይ ነው የሚያደርጉት። ለማንኛውም፣ አሁን የመጣችሁባቸውን መኪኖች እዩ።»

የኩሬባያሺ መኪና ምንም የለውም።

«የመቶ አለቃ፣ ለእርስዎ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚያስገባልዎት» አለ ናሩሴ። ኩሬባያሺ አቀረቀረ።

ቺጉሳ በግራ የኋላ ጎማ አስገብታለች። የታኔዳ መኪና ግን የቀኝ የፊት ጎማው ከፊትም ከኋላም ታኮ አለው። ታኔዳ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየው። መቼ እንዳስገባው አላስታወሰም።

«ለምን እዚያ ጋ፣ ባሻ?»

«ከመሪው ሆኜ በመስኮት ብቅ ስል እንዲታየኝ።»

«ከዚህ ካምፕ እንዲህ የሚያደርጉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እርስዎና ያስተማሩት ልጅ። ልጁ ደግሞ ጎማው ፊት ተደፍቶ ነበር።»

ታኔዳ ከጎማው ቀና አለ።

«ሰሌዳው ጋ ቆሞ ብሎን ሲያጠብቅ አየሁት» አለ። «ስሙ እንዳይወድቅበት! ቀናሁ፣ ሻምበል። እንዲህ ያለ ቅናት ሆዴ ውስጥ እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር።»

ናሩሴ ብሎኖቹን ከኪሱ አወጣ። «እያጠበቀ አልነበረም። የሚያጠብቅ ሰው ብሎኑን ነቅሎ አይጨብጥም። ሰሌዳውን እያወረደ ነበር። ምክንያቱን አባባ ቤንቱ ይንገሩን።»

ሽማግሌው ከጆንያው አዲስ ሰሌዳ አወጡ። ከላይ በትልቁ «ታኔዳ» ይላል፤ ከታች በትንሹ «ኦኩዳይራ»።

«‹የመምህሬ ስም ሳይቀድም የኔ አይሰቀልም› ብሎ ቢጨቀጭቀኝ ነው የጻፍኩት» አሉ በልጅነታቸው፣ ጃፓኖች በጦርነት አገራቸውን በያዙ ጊዜ በለቀሟት ጃፓንኛ። «ዛሬ እንስቀለው ወይስ ይቆይ?»

ታኔዳ ወደ መኪናው ሄዶ ታኮዎቹን አወጣና ማንጠልጠያው ላይ ሰቀላቸው። ከዚያ ተመልሶ ሁለት እጁን ለናሩሴ ዘረጋ።

«ቺጉሳ» አለ ናሩሴ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ፣ «አንቺ ንጂ።»